መረርና ባይራ፤ ስለ ጥንት ግብጻውያንና ስለ ጋሞ ሰዎች የዕለት ኑሮ

ሙሴ የግብጻውያንን ጥበብ እንደ ተማረ በሐዋርያት ሥራ ተጽፎ እናነባለንና የግብጽ ስም ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዮሴፍ ስለ ተሸጠባት፣ ያዕቆብ ስለ ሞተባት፣ እስራኤል ጭቃ ስለ ረገጡባት፣ በኋላም ጌታችን ከእናቱ ከእመቤታችን ጋራ ስለ ተሰደደባት አገር ከልጅነታችን ጀምረን ሰምተናል። ነገር ግን የግብጽ ነገር በተነሣ ቍጥር አሳባችን ወደ ፈርዖኑና ወደ ሠረገላው ይሮጣል እንጂ፣ ያ ጡብ ሲጥል የዋለው ሰው ማታ ወደ ቤቱ ገብቶ ምን እንደ በላ፣ በምን ላይ እንደ ተኛ፣ ከጎረቤቱ ጋራ በምን ነገር እንደ ተጣላ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነገር ነው። ከግብጽም ጋራ የጋሞን ደጋ አብሬ ማንሣቴ ያለ ምክንያት እንዳይደለ አንባቢ ወደ ፊት ያየዋል።

እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2012 ዓመት የጥንትን ነገር በቍፋሮ የሚመረምሩ ሊቃውንት በጋሞ ደጋ ሞታ ከሚባለው ዋሻ ውስጥ (በጎጃም ካለችው ከሞጣ ከተማ ጋራ እንዳይሳሳት) ከድንጋይ ክምር ሥር የተቀበረ የአንድ ወንድ ዐፅም አገኙ። ዕድሜው ሲመረመር 4,500 ዓመት ያህል ሆነ። ስሙንም ባይራ አሉት፤ ባይራ በጋሞ ቋንቋ በኵር ማለት ነው። በጋሞ ዘንድ በኵርነት ታላቅ ነገር መሆኑን ለሚያውቅ ስሙ በከንቱ እንዳልወጣ ይገባዋል። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2015፣ በጆሮው አጠገብ ካለው ጽኑ ዐጥንት የዘሩን ምሥጢር አውጥተው አነበቡት። በአፍሪካ ምድር ከተገኙት ከጥንት ሰዎች መካከል የዘሩ ምሥጢር በሙሉ ሲነበብ ባይራ የመጀመሪያው ሆነ። ስሙ በእውነት በኵር ሆነ ማለት ነው።

በሞታ ዐፅሙ በተገኘ በዓመቱ፣ በ2013፣ በግብጽ በቀይ ባሕር ዳር ዋዲ አል ጀርፍ ከሚባል ስፍራ ከዋሻዎች ደጃፍ የፓፒሩስ ቍርጥራጮች ተገኙ። ጽሕፈት ካለባቸው ፓፒሩሶች ሁሉ እስከ ዛሬ የታወቁት ጥንታውያኑ እነዚህ ናቸው። ከእነርሱም አንዱ መረር የሚባል የሠራተኞች አለቃ የዕለት መዝገብ ነው። መረር ንጉሥ ኩፉ ታላቁን የጊዛን ሐውልተ መቃብር ባሠራበት ዘመን፣ ይኸውም ዛሬ 4,500 ዓመት በሆነው ጊዜ፣ 40 ያህል ሰዎችን ይዞ ከጡራ ነጭ ድንጋይ በመርከብ እየጫነ ወደ ጊዛ ያመላልስ ነበር።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ነገሩን አስተውል። መረርና ባይራ የአንድ ዘመን ሰዎች ናቸው። አንዱ በዓባይ ላይ ድንጋይ ሲጭን፣ ሁለተኛው ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በላይ ባለው ደጋ አውሬ እያደነ፣ የዱር ፍሬና ሥር እየለቀመ ይኖር ነበር። የአንዱ ቃሉ ቀረልን፤ ዐፅሙ ግን የለንም። የሁለተኛው ዐፅሙ ቀረልን፤ ከቃሉ ግን አንዲት ፊደል የለንም። የግብጽ ምድር ዝናብ የማያውቀው ደረቅ አሸዋ ስለ ሆነ ሣሩንም፣ ክሩንም፣ እንጀራውንም ሳይቀር ጠብቆ ያቈያል። የጋሞ ደጋ ግን ዝናብና ጉም የማይለየው ምድር ነው፤ በዚያ ላይ የሕዝቡ ሀብት ሁሉ ቀርከሃ፣ እንሰትና ጥጥ ነው፤ እነዚህም የሚበሰብሱ ናቸው። ስለዚህ የግብጽ ሕዝብ ታሪክ ያለው፣ የጋሞ ሕዝብ ታሪክ የሌለው የሚመስላቸው ሰዎች የሚፈርዱት በሰው ሥራ ሳይሆን በአየሩ ጠባይ ነው።

መረር የጻፈው ስለ ጦርነትና ስለ አማልክት አይደለም። በዚህ ቀን በጡራ ዋልን፣ በዚህ ቀን ጭነን ሄድን፣ በዚህ ስፍራ አደርን የሚል ዐይነት መዝገብ ነው። ግብጻውያን ወሩን በዐሥር በዐሥር ቀን ይከፍሉት ነበርና በዐሥሩ ቀን ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ተመላልሰዋል። የበላይ አለቃቸውም የንጉሡ ወንድም አንክሃፍ እንደ ነበረ ተጽፎ ይገኛል። ከዚሁ ጋራ ለሠራተኞቹ የተሰጠው ስንቅ በሰንጠረዥ ተመዝግቧል። ያ ታላቅ ሕንጻ የተሠራው በጅራፍ ብቻ ነው እያልን ስንናገር የኖርን ሰዎች በዚህ መዝገብ ውስጥ የምናገኘው ዳቦውንና ጠላውን እየቈጠረ የሚጽፍ አንድ ትጉህ የመዝገብ ሰው ነው።

ከመረር ከ1,200 ዓመት የሚበልጥ ጊዜ በኋላ ስለ ተራው ሕዝብ ኑሮ ይበልጥ የሚነግረን ሌላ ስፍራ ተገኝቷል። ዴር ኤል መዲና የሚባል መንደር ነው፤ የነገሥታቱን መቃብር የሚፈለፍሉና ሥዕል የሚሥሉ ሠራተኞች ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው ይኖሩበት ነበር። ፓፒሩስ ውድ ስለ ሆነባቸው ጥቃቅኑን ጕዳይ ሁሉ በተሰበረ ገልና በድንጋይ ፍንካች ላይ ይጽፉ ነበር። ከእነዚህም አንዱ ከሥራ የቀሩትን ሰዎች ስምና ምክንያታቸውን የያዘ ነው። ይህ ጊንጥ ነድፎት ቀረ፤ ያ ጠላ ሲጠምቅ ዋለ፤ ሌላው እናቱ ታማበት፣ ሌላውም ወንድሙን ለመቃብር ሲያሰናዳ ቀረ እያለ ይዘረዝራል። የተራው ሠራተኛ የወር ደመወዝ አራት ጆንያ የቀድሞ ስንዴና አንድ ተኩል ጆንያ ገብስ ነበር፤ ስንዴው ለዳቦ፣ ገብሱ ለጠላ ነው። በሣልሳዊ ራምሴስ 29ኛ ዓመት ይህ እህል በጊዜው ስላልደረሰላቸው መሣሪያቸውን ጥለው ወጡ፤ ከቤተ መቅደስም አጠገብ ሄደው ተቀምጠው ተርበናል አሉ። በዓለም ታሪክ ሥራ ማቆም ተብሎ የተጻፈው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው።

እንዲሁም የራሳቸው የመንደር ሸንጎ ነበራቸው። ዳኞቹ እነዚሁ ሠራተኞች ናቸው፤ የሚታየውም ነገር የአህያ ኪራይ፣ የርስት ክፍያ፣ ለዓመታት ሳይከፈል የቀረ የአንድ ማሰሮ ስብ ዕዳ የመሰለ ነው። ይህን ሳነብ አሳቤ ወደ ጋሞ ዱቡሻ ሄደ። ዱቡሻ የየደሬው ሕዝብ የሚሰበሰብበት አደባባይ ነው፤ ሰው በተራው ተነሥቶ ይናገራል፤ ሽማግሌዎቹም ያስታርቃሉ። በ2011 ዓ.ም. መግቢያ፣ በቡራዩ የተፈጸመው ግድያ ተሰምቶ ወጣቶች ለበቀል በተነሡ ጊዜ፣ የጋሞ ሽማግሌዎች በአርባ ምንጭ ከተማ ርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበርክከው እንዳስቆሟቸው አገር ሁሉ ያወቀው ነው። ያ የሣር ሥርዓት ከዚያ በፊት በየዱቡሻው ስንት የወንድማማች ደም እንዳዳነ የሚመሰክር ገል ግን የለንም። ግብጻዊው የስቡን ማሰሮ እንኳ ጽፎ አለፈ፤ ጋሞ ግን በቃል ታረቀ፤ ቃሉም ከሽማግሌዎቹ ጋራ ወደ መቃብር ይወርዳል።

የሚበላውንም እንይ። ግብጻዊ ያለ ዳቦና ያለ ጠላ ኑሮ አያውቅም ነበር፤ ሽንኵርቱና ዓሣው ከዚያ ላይ የሚጨመር ነው። እስራኤል በምድረ በዳ ሳሉ ዓሣውን፣ ዱባውንና ሽንኵርቱን እያሰቡ ማልቀሳቸው በኦሪት ዘኍልቍ ያለ ነው። የጋሞ ደገኛ ደግሞ ገብሱንም ቢያበቅል ቤቱን የሚያቆመው እንሰት ነው። እንሰት እንደ ስንዴ በዓመቱ የሚታጨድ አይደለም፤ ብዙ ዓመት በጓሮ ቆይቶ የሚደርስ ነው፤ ሲደርስም ሴቶች ግንዱን ይፍቁታል፤ የተፋቀውን በቅጠል በተነጠፈ ጕድጓድ ቀብረው ያብላሉታል፤ ቆጮ የሚሆነውም ይህ ነው። ከፍቁ የሚቀረው ቃጫ ገመድ ይሆናል፤ ቅጠሉ ምንጣፍም መጠቅለያም ይሆናል። ለግብጻዊ የፈርዖን ጎተራ የነበረውን ያህል ለጋሞ ሴት ጓሮዋ ጎተራዋ ነው። ልዩነቱ ጎተራው በንጉሥ እጅ ሳይሆን በእርስዋ እጅ መሆኑ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። በናቃዳ በተገኙ በጥንት የግብጽ ሸክላዎች ላይ የተሣለው ተክል እንሰት ነው ብለው የተከራከሩ ሊቃውንት ነበሩ። ከእኛም ወገን ይህን የመሰለ ወሬ በሰማ ጊዜ ደስ የሚለው አለ፤ የአንድ ሕዝብ ክብር የሚፈጸመው ከግብጽ መጣ ሲባል ይመስለዋልና። እኔ ግን በአንድ ማሰሮ ሥዕል ላይ ትውልድ መቍጠር አልወድም። የጋሞ ሰው እንሰቱን ለማክበር ከፈርዖን ማስመሰከር አያስፈልገውም። ሁለቱን ጎን ለጎን ማቆም ግን ይጠቅማል፤ አንዱ የጻፈውን አይቶ ሌላው ያልጻፈውን ለመጠየቅ ያስችላልና።

ስለ ቤት የምናገረው አጭር ነው። የግብጽ ተራ ቤት ከጭቃና ከገለባ ጡብ የተሠራ ነበር፤ በኦሪት ዘጸአት ያነበብነውን ጡብ ሲሠራ የሚያሳይ ሥዕል በጤቤስ በረክሚሬ መቃብር ግድግዳ ላይ ዛሬም ይታያል። የዶርዜ ቤት ደግሞ ከላይ እስከ ታች የተሸመነ ቀርከሃ ነው፤ ፊቱ የዝሆን ራስ ይመስላል ይባላል። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላውን ቈርጠው ይጥሉታል፤ ቤቱም በየጊዜው እያጠረ ከባለቤቱ ጋራ ያረጃል፤ ሲያሻቸውም በብዙ ሰው ትከሻ ተሸክመው ወደ ሌላ ስፍራ ያዛውሩታል። ግብጻዊው ለሙታኑ ከድንጋይ ቤት ሠርቶ ለራሱ ከጭቃ መሥራቱ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

አሁን ወደ ሸማው እንምጣ፤ የነገሩ ዋና እዚህ አለና። ሄሮዶቱስ የሚባለው የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ በግብጽ ሴቶች ወደ ገበያ ሲወጡ ወንዶች በቤት ተቀምጠው ሲሸምኑ አይቶ እንደ ተደነቀ ጽፏል። ዶርዜ ቢመጣ ኖሮ ባልተደነቀም ነበር፤ በዚያ ሴቶች ጥጡን ባዝተው በእንዝርት ይፈትላሉ፤ ወንዶች ከጕድጓዱ አፋፍ ተቀምጠው በእግራቸው እየረገጡ፣ በእጃቸው መወርወሪያውን እየወረወሩ ድሩን ከማጉ ያዋሕዳሉ። የግብጽ ልብስ ከተልባ እግር ነበር፤ የጋሞ ከጥጥ ነው፤ ድካሙ ግን አንድ ነው።

ይህንም ድካም ግብጻዊው ጸሐፊ ያውቀው ነበር፤ ያወቀው ግን ለመናቅ ነው። ከ4,000 ዓመት ገደማ በፊት ኬቲ የሚባል ሰው ልጁን ወደ ጸሐፊዎች ትምህርት ቤት ሲወስደው የሰጠው ምክር ነው ተብሎ የተጻፈ አንድ መጽሐፍ አለ። አባትየው አንጥረኛውን፣ ሸክላ ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ቆዳ ሠሪውን በየተራ እየጠራ ሽታቸውንና ጭቃቸውን፣ የጀርባቸውን መጕበጥ ይዘረዝርና፣ ከሁሉ የሚበልጠው ብዕር ነው ብሎ ይደመድማል። ይህን መጽሐፍ የግብጽ ተማሪዎች ለብዙ መቶ ዓመት እጃቸውን ለማፍታታት ይገለብጡት ነበር። የሚያስገርመው ከግልባጮቹ ብዙዎቹ የተገኙት በዚያው በዴር ኤል መዲና በሠራተኞቹ መንደር ነው። የእጅ ሠራተኛ ልጅ አባቱን የሚያዋርደውን ቃል እየጻፈ ፊደል ተማረ።

በእኛስ አገር? ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። ብረት ሠሪው ጠይብ፣ ሸማኔው ቁጢት በጣሽ እየተባለ መሰደቡን አዋጁ እየጠራ ነቅፎታል። ከሸማኔው አጠገብም በዚያው አዋጅ ውስጥ የተቈጠረው ጸሐፊው ነው፤ ስለሚጽፍ ጠንቋይ ይባል ነበርና። የኬቲ መጽሐፍ ብዕሩን ከመወርወሪያው በላይ አወጣው፤ በእኛ አገር ግን ስድቡ ሁለቱን በአንድ ወንበር አስቀመጣቸው። እኛ ፊደል የቈጠርን ሰዎች ይህን ብናስታውስ አይከፋም። ድንኳን ሰፊውን ጳውሎስን ደግሞ ለካህናት ማስታወስ አያስፈልገኝም።

ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ወደ አዲስ አበባ የመጡት የዶርዜና የሌላው የጋሞ ደሬ ሸማኔዎች በሽሮ ሜዳና በአካባቢው ተቀምጠው የከተማውን ሕዝብ ኩታና ጥበብ አልብሰዋል። ለጥምቀት የምንለብሰውን ነጠላ ማን እንደ ሸመነው የጠየቀ ጥቂት ነው። ስድቡ ግን አልቀረባቸውም፤ ለመስቀልም ወደ ደጋው ሲመለሱ ያንኑ ይዘው ተመለሱ። ነገር ግን እውነቱን ካወራን፣ በአገሩ የተከበረው የጋሞ ሸማኔ ራሱ የሚንቀው ሰው ነበረው። በጋሞ ደሬዎች ማላ የሚባለው ባለ ርስቱ ገበሬና ሸማኔው ነው፤ ሸክላ ሠሪዎቹ ማና፣ ቆዳ ፋቂዎቹና ብረት ሠሪዎቹ ደጋላ ይባላሉ። ማላ ከማናና ከደጋላ ጋራ አይጋባም ነበር፤ በብዙው ስፍራ ርስት አይሰጣቸውም፤ በዱቡሻውም እኩል አይቀመጡም ነበር። ያ ከላይ ያመሰገንሁት አደባባይ ለሁሉ አልነበረም፤ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ውሸት ይሆንብኛል። በከተማ ቁጢት በጣሽ የተባለው ሰው በአገሩ ሌላውን ፋቂ ይለዋል።

ይሁን እንጂ በዓለም ላይ ብርቅ የሆነው ጥበብ ያለው በደጋላው እጅ ነው። እርሱ የከብቱን ቍርበት የሚፍቀው በባልጩት ነው። ድንጋዩን ከመረጠ በኋላ እየመታ ይሰነጥቀዋል፤ ያሾለዋል፤ በእንጨት እጀታ ላይ አግብቶ ይፍቅበታል፤ ሲደነዝም እንደ ገና ያሾለዋል። ይህንም አባት ለልጁ ያስተምራል። ሌላው ዓለም በብዙው ስፍራ በድንጋይ መሥራትን ትቷልና፣ የጥንት ሰው በድንጋይ እንዴት ይሠራ እንደ ነበር ለማወቅ የሚሹ ሊቃውንት ከባሕር ማዶ ተነሥተው ወደ ጋሞ እየመጡ ከደጋላዎቹ ደጃፍ ተቀምጠው ተምረዋል። ግብጻውያንም ናስ ካወቁ በኋላ ለብዙ ዘመን የባልጩት ቢላዋና ማጭድ አልተዉም ነበር።

ስለዚህ ድንጋይ ሄሮዶቱስ የጻፈው ሌላ ነገር አለ። ግብጻውያን ሬሳ ሲያሰናዱ ጎኑን የሚቀዱት በስለታም የኢትዮጵያ ድንጋይ ነበር ይላል፤ ግሪኮች ኢትዮጵያ የሚሉት ከግብጽ በላይ ያለውን የጥቍሮችን አገር ሁሉ ነው። ከእርሱ በኋላ የተነሣው ዲዮዶሮስ ደግሞ የቀረውን ይነግረናል። ያ ቀዳጅ ሕጉ እንደሚያዝዘው ጎኑን ከቀደደ በኋላ ወዲያው ይሮጣል፤ በዚያ የቆሙትም ሰዎች እየረገሙ በድንጋይ እየወገሩ ያባርሩታል፤ የሰው ሥጋ አቍስሏልና ርኩስ ነው ብለው። ያለ እርሱ ሥራ ማንም ሙት በሥርዓት አይቀበርም፤ ነገር ግን ሥራውን በጨረሰ በዚያው ደቂቃ የተረገመ ይሆናል። በጋሞም ለግርዛትና ለመልእክት፣ ለለቅሶና ለበዓል ከበሮ እነዚያው የተናቁት ሰዎች ይፈለጉ ነበር። ሁሉ ይፈልጋቸዋል፤ ሁሉ ይርቃቸዋል።

ይህን መራቅ ለማጽደቅ በየአገሩ የሚነገረው፣ እነርሱ ከሌላ ዘር የመጡ ናቸው የሚል ነው። ባይራ ከዋሻው የወጣው በዚህ ነገር ላይ ለመመስከር ጭምር ይመስለኛል። የዘሩ ምሥጢር ሲነበብ ከዛሬ ሕዝቦች ሁሉ ይበልጥ የቀረቡት በኦሞ በኩል ያሉት አሪዎች ሆነው ተገኙ። በአሪም ብረት ሠሪዎቹ ከገበሬው ተለይተው የተናቁ ናቸው፤ አንዳንድ ሊቃውንትም ሁለቱ ወገኖች ከጥንት የተለያዩ ሕዝቦች ናቸው ይሉ ነበር። በ2015 በወጣ ምርመራ ግን የሁለቱን ወገኖች ዘር አስተያይተው፣ ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ ከአንድ ግንድ እንደ ተከፈሉ፣ ዛሬ የሚታየውም ልዩነት ብረት ሠሪዎቹ ተገልለው እርስ በርሳቸው ብቻ ስለ ተጋቡ የመጣ እንደ ሆነ አሳዩ። ዘር ለይቷቸው አልተናቁም፤ ስለ ተናቁ ዘራቸው ተለየ።

የፋብሪካ ጫማና የስፖንጅ ፍራሽ ከመጣ ወዲህ ቍርበት የሚፈልግ ስላነሰ፣ ከደጋላው ልጆች ባልጩት ማሾልን የሚማሩት ጥቂት ሆነዋል። የሚማሩትም ስድቡን ሸሽተው ወደ ሌላ ሥራ ቢሄዱ የሚፈርድባቸው የለም። ከጨንቻ እስከ አርባ ምንጭ ባሉት አጥቢያዎች የሚያገለግሉ፣ ብዕርና ወረቀት የማይጠፋባቸው ሰዎች ግን አሉ። መረር የዳቦውን ቍጥር ለመጻፍ ጊዜ አላጣም፤ አንድ የደጋላ ሽማግሌ ድንጋዩን ከወዴት እንደሚያመጣ፣ መልካሙን ከክፉው በምን እንደሚለይ፣ እጀታውን ከምን እንጨት እንደሚጠርብ ለመጻፍም አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

ደጋላው ሲፍቅ የደነዘዘውንና የተፈነከተውን ድንጋይ በየስፍራው አይጥልም፤ የልጆችንና የከብትን እግር ይቈርጣልና ሰብስቦ ከቤቱ ራቅ ባለ ስፍራ ያፈስሰዋል። የማናዋም የተሰበረ እንስራ እንዲሁ ከአጥር ሥር ይጣላል። ቀርከሃው ይበሰብሳል፤ ቆጮው ይበላል፤ ሸማው ያልቃል። ከ4,500 ዓመት በኋላ ያንን ደጋ የሚቈፍር ሰው ቢመጣ እጁ የሚያገኘው ገሉንና ባልጩቱን ነው።